ከመቋሚያ እስከ ቆመጥ፦ የእጅ በትር ታሪክ፣ ትርጉምና ክርክር

እንግሊዝኛ «ባተን» በሚለው አንድ ቃል ቢያንስ አራት ዓይነት ዕቃ ይጠራል፦ የፊልድ ማርሻል የማዕረግ ዘንግ፣ የኦርኬስትራ መሪ ቀጭን እንጨት፣ ሯጮች የሚቀባበሉት ዱላ እና የፖሊስ ቆመጥ። አራቱም በአንድ እጅ የሚያዙ፣ ከክንድ እምብዛም የማይረዝሙ በትሮች ናቸው። ከዚህ ውጭ በሥራም በታሪክም ይራራቃሉ፤ አንዱ ያከብራል፣ አንዱ ይመራል፣ አንዱ ይተላለፋል፣ አንዱ ይመታል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ፣ አራቱ ከአንድ ግንድ የወጡ ናቸው ወይስ ስም ብቻ ያገናኛቸው ባዕዳን ናቸው የሚለው ነው። ከዚህ ጋር ተያይዞ የሚመጣው ሁለተኛ ጥያቄ ይበልጥ ከባድ ነው፤ በትር አስቀድሞ መምቻ ሆኖ ኋላ ወደ ምልክትነት ተለወጠ ወይስ ከጥንቱም ምልክት ነበር? (በዚህ ዳሰሳ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ቃሉና ዘመዶቹ

ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከፈረንሳይኛ ነው። የዛሬው የፈረንሳይኛ «ባቶን» ቀድሞ «ባስቶን» ይባል ነበር፤ ከእሱም በስተኋላ በመጨረሻው ዘመን ላቲን «ባስቱም» የሚል፣ በትር ማለት የሆነ ቃል ይገኛል። ከላቲኑ ወዲያ ያለው መንገድ አልጠራም። «መሸከም» ከሚል የግሪክ ግስ ጋር የሚያያይዙት ሊቃውንት አሉ። እነሱ ልክ ከሆኑ የቃሉ ሥር መምታት ሳይሆን መደገፍ ነው፤ ይህ ማራኪ መላ ምት ቢሆንም ማስረጃው የሳሳ ነው።

ይበልጥ የሚያስተምረው የሌሎች ቋንቋዎች አጠራር ነው። ቃሉን ያበደረው ፈረንሳይኛ ራሱ አራቱን ዕቃዎች በአንድ ስም አይጠራም። የማርሻሉ ዘንግ «ባቶን» ነው፤ የኦርኬስትራ መሪው እንጨት ግን እንደ ረጅሙ ዳቦ «ባጌት» ይባላል፤ የፖሊሱ ቆመጥ በብዙዎች አፍ ከዐረብኛ የመጣው «ማትራክ» ነው። የሯጮቹ ዱላ ደግሞ «ምስክር» ተብሎ ነው የሚጠራው። ጣሊያንኛና ስፓኒሽም እንዲሁ ምስክር ይሉታል፤ አንዱ ሯጭ ከሌላው በእርግጥ መረከቡን የሚያስረዳው እሱ ነውና። አማርኛም በዚህ በኩል ወደ ፈረንሳይኛው ያደላል፦ ለንጉሥ በትረ መንግሥት፣ ለካህንና ለደብተራ መቋሚያ፣ ለአዛውንት ከዘራ፣ ለፖሊስ ቆመጥ። ለሩጫው ብቻ ዱላ የሚለውን ሰፊ ስም ወስዶ ዱላ ቅብብል ብሏል።

ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ ግልጽ ነው። የአራቱ አንድነት በአመዛኙ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ሥራ ነው። ከስሙ ተነስቶ የጋራ ትውልድ መቁጠር አያዋጣም።

ቃሉ በካርታ ላይም ተተክሎ ቀርቷል። የአሜሪካዋ የሉዊዚያና ግዛት ዋና ከተማ ባተን ሩዥ ስሟ «ቀይ በትር» ማለት ነው። በ1699 ዲበርቪል የተባለው ፈረንሳዊ አሳሽ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ያየው ቀይ ግንድ የሁለት ነባር ሕዝቦችን የአደን ወሰን የሚለይ ምልክት ነበር። በዚህ ቦታ በትሩን የያዘ ሰው የለም፤ ሁለቱም ወገኖች ግን ያከብሩታል።

ስሙ ከዕቃው የቀደመበት ቅርስ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን በፈረንሳይና በአካባቢዋ ዋሻዎች ውስጥ የቅድመ ታሪክ ተመራማሪዎች ከአጋዘን ቀንድ የተሠሩ፣ አንድ ወይም ከዚያ በላይ ክብ ቀዳዳ ያላቸው በትሮችን ማግኘት ጀመሩ። ብዙዎቹ የፈረስና የሌሎች አራዊት ሥዕል የተቀረጸባቸው፣ በጥንቃቄ የተሠሩ ናቸው። ያገኟቸው ሰዎች የማርሻልን ዘንግ የሚያውቁ ነበሩና «የአዛዥነት በትር» አሏቸው። ስሙ ማብራሪያ መስሎ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ቆየ። ያን ያህል አሥርተ ዓመት የቆየው ግን ማስረጃ ስለነበረው አይደለም፤ ያጌጠ በትር የአለቃ መሆን አለበት የሚለው እምነት ስለነበረ ብቻ ነው።

ኋላ ተመራማሪዎች ስሙን ትተው «ቀዳዳ ያለው በትር» የሚለውን ገለልተኛ አጠራር መረጡ፤ መላ ምቱም በዛ። የጦር ዘንግን በሙቀት ማቅኛ ነው ያሉ አሉ፣ ጦር መወርወሪያ ነው ያሉ አሉ፣ ገመድ ወይም ጠፍር ማለስለሻ ነው ያሉም አሉ። ክርክሩን ወደ ሙከራ ያሸጋገረው በ2015 በደቡብ ጀርመን ሆሌ ፌልስ ከተባለው ዋሻ የተገኘ ዕቃ ነው። ከማሞዝ ጥርስ የተሠራ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ አራት ቀዳዳዎች በተርታ የተበሱበት ሲሆን በቀዳዳዎቹ ውስጥ ጠመዝማዛ ቦይ ተቀርጿል። ዕድሜው ከ35,000 ዓመት በላይ ነው። ተመራማሪዎቹ ኒኮላስ ኮናርድና ቬርል ሮትስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ቅጂውን ሠርተው በየቀዳዳው የዕፀዋት ጭረት እያሳለፉ ሲሞክሩት፣ ጥቂት ሰዎች ተባብረው ጠንካራ ገመድ ሊገምዱበት ቻሉ። የዕፀዋት ቅሪትና የመፋተግ ምልክትም ለዚህ ትርጓሜ ድጋፍ ሰጠ።

ይህ ግን የሆሌ ፌልሱን ዕቃ እንጂ ቀዳዳ ያላቸውን በትሮች በሙሉ አይፈታም። የአብዛኞቹ ቀዳዳ አንድ ብቻ ነው፣ ቦይም የለውም፣ ዘመናቸውም የተራራቀ ነው። የተለያየ ሥራ የነበራቸው ዕቃዎች በአንድ ስም ተጠርተው ሊሆን ይችላል። ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር መያዝ ይገባል፤ በትር በተገኘበት ሁሉ ሥልጣን አለ ብሎ መነሳት ያሳስታል።

የሥልጣን በትር

ጽሑፍ ከመጣ ወዲህ ያለው ማስረጃ የተሻለ ነው። በጥንታዊት ግብፅ ፈርዖኖች ደረታቸው ላይ አመሳቅለው የሚይዙት የእረኛ ከዘራና አለንጋ መሰል ዕቃ ከታወቁት የንግሥና ምልክቶች ቀደምት ናቸው። የዕብራውያን መጻሕፍትም የሙሴን በትርና ያበበችውን የአሮንን በትር ይተርካሉ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የአሮን በትር የድንግል ማርያም ምሳሌ ናት፤ ሳይተክሏትና ውኃ ሳያጠጧት አፍርታለችና። በዚህ አተረጓጎም በትር የኃይል ዕቃ መሆኑ ቀርቶ የምርጫ ምስክር ሆኗል፤ የአሮን ክህነት የጸናው በእሷ ነው።

መምቻነትና ምልክትነት አንድ ላይ ተጣብቀው ከሚታዩባቸው ጥንታዊ ሥራዎች መካከል የሆሜር «ኢሊያድ» ዋነኛው ነው። በጉባኤው የሚናገር ሰው ስኬፕትሮን የተባለውን በትር ይይዛል፤ አኪሌስ ከአጋሜምኖን ጋር ሲጣላ የሚምለው በዚያ በትር ነው፤ መሐላውን ሲጨርስም መሬት ላይ ይጥለዋል። በሁለተኛው መጽሐፍ ደግሞ ኦዲሴዎስ የአጋሜምኖንን በትር ተቀብሎ ሠራዊቱን ከሽሽት ይመልሳል፣ ቴርሲቴስ የተባለውን ተናጋሪም በዚያው በትር ጀርባውን ይለዋል። ይህ ትዕይንት ለሁለቱም ወገን ማስረጃ ሆኖ ይጠቀሳል። በትሩ ስለሚከበር ነው መምታት የቻለው የሚሉ አሉ፤ ሊመታ ስለሚችል ነው የተከበረው የሚሉም አሉ። ግጥሙ ለሁለቱም ቦታ ይሰጣል፤ ጥንካሬውም እዚያ ላይ ነው።

በሮማውያን ዘንድም ሁለቱ ተጣምረው ይታያሉ። የመቶ አለቃው ምልክት ከወይን ግንድ የተቆረጠ በትር ነበር፤ ግን ለጌጥ ብቻ አልነበረም። ታሪክ ጸሐፊው ታኪቱስ እንደሚተርከው ሉኪሊዩስ የሚባል መቶ አለቃ ወታደር ጀርባ ላይ በትሩን እየሰበረ ሌላ እንዲያመጡለት ደጋግሞ ይጮህ ስለነበር ወታደሮቹ ጩኸቱን መጠሪያው አደረጉት። በ14 ዓ.ም. በፓኖኒያ የነበሩት ጭፍሮች ሲያምፁ ገደሉት። ምልክቱ ክብሩን ያጣው በሥራው ምክንያት ነው።

የአውሮፓ የማርሻል ዘንግ ከዚህ በተቃራኒ ከመምታት ጨርሶ የራቀ ነው። የፈረንሳዩ ግማሽ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ በሰማያዊ ከፋይ የተለበጠ፣ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ጌጡ የተለወጠ ዕቃ ነበር፤ በቡርቦኖች ዘመን የአበባ ምልክት፣ በናፖሊዮን ዘመን ንስር፣ በኋላ ደግሞ ኮከብ። ናፖሊዮን በ1804 ንጉሠ ነገሥት በሆነበት ዓመት 18 ማርሻሎችን ሾመ። ዘንጉ ምን ያህል ከሰውየው ጋር እንደተጣበቀ የሚያሳየው የ1813ቱ የቪቶሪያ ጦርነት ነው። የእንግሊዝ ጦር ከማርሻል ዡርዳን ጓዝ ዘንጉን ማረከ፤ የጦሩ አዛዥ ዌሊንግተን ለልዑል አልጋ ወራሹ ላከው፤ ልዑሉም በምላሹ ዌሊንግተንን ፊልድ ማርሻል አደረገው፣ የእንግሊዝ ዘንግ እልክልሃለሁም አለው። እንግሊዞች ግን በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ዘንግ አልነበራቸውም፤ አዲስ ቅርጽ መፍጠር ነበረባቸው። ጥንታዊ የሚመስል ምልክት በአንድ የደብዳቤ ልውውጥ ሊወለድ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም። አፄ ኃይለ ሥላሴም በ1965 የዚሁ የእንግሊዝ ጦር የክብር ፊልድ ማርሻል ሆነዋል። በ1930 በዘውድ በዓላቸው የተቀበሉት በትረ መንግሥት ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ አንደኛው ወታደራዊ ማዕረግ ሲሆን ሁለተኛው ከሰይፍ፣ ከሉል፣ ከቀለበትና ከጦር ጋር በጸሎት የሚሰጥ የንግሥና ዕቃ ነው። ሁለቱን ማደባለቅ የተለመደ ስህተት ነው።

ከአውሮፓ ወጣ ሲባል ሥዕሉ ይሰፋል። በጋና የአካን ነገሥታት ቃል አቀባዮች፣ ኦቺያሜ የሚባሉት፣ ጫፉ ላይ ምሳሌያዊ አነጋገር የሚያስታውስ ቅርጽ ያለው፣ ብዙ ጊዜ በወርቅ የተለበጠ በትር ይይዛሉ። በትሩ የሚያመለክተው የያዘውን ሰው ሥልጣን አይደለም፤ ስለ ሌላ ሰው የመናገር መብትን ነው። በኬንያ ሩንጉ የተባለው እራሱ ድቡልቡል የሆነ አጭር ዱላ የእረኛና የተዋጊ መሣሪያ ነበር፤ ፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ በዝሆን ጥርስ አሠርተው በአደባባይ ሲይዙት የሥልጣን ምልክት ሆነ። መሣሪያ ወደ ምልክትነት የተሸጋገረበት ጥርት ያለ ምሳሌ የሚፈልግ ሰው ሩንጉን ይመልከት።

የኦሮሞ ገዳ ሥርዓት ደግሞ የተለየ ነገር ያመጣል። የአባ ገዳው በትር ቦኩ ይባላል፤ ሥልጣንም በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ገዳ ወደ ቀጣዩ በሥርዓት ይተላለፋል። ሥርዓቱ በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። የአውሮፓው ማርሻል ዘንጉን ይዞ ይሞታል፤ ገዳ ግን የሥልጣኑ ዘመን ሲያበቃ ማስረከብን ግዴታ ያደርጋል። ከቦኩ ጎን ሲንቄ አለች፤ ሙሽራዋ በሠርጓ ቀን ከእናቷ የምትቀበላት ቀጭን ቀጥ ያለች በትር። ሴቶች ሲንቄ ይዘው በተጣሉ ወገኖች መካከል ሲቆሙ ጥሶ ማለፍ አይፈቀድም፤ አንዲት ሴት ተበድላ ስትጮህም ሌሎቹ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ። ሲንቄ የመምቻነት ታሪክ የላትም። ምልክት ሁሉ ከመሣሪያ ተወለደ የሚለውን አጠቃላይ ሐሳብ ለመቀበል የሚያስቸግር ጠንካራ ማስረጃ ይህች በትር ናት።

ጊዜ የሚያመለክት በትር

በሙዚቃ ውስጥ የበትር ሥራ ሁለት ነው፤ በድምፅ ጊዜ መምታትና በዓይን ጊዜ ማሳየት። ብዙ የሙዚቃ ታሪክ መጻሕፍት ሁለተኛውን ብቻ ያወራሉ። የመጀመሪያው ግን ዛሬም ሕያው ነው፤ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን።

መቋሚያ ስሙ እንደሚናገረው የመደገፊያ በትር ነው፤ ማሕሌቱ ሌሊቱን ሙሉ ቆመው የሚያደርሱት ነውና። አቋቋም በተባለው የማሕሌት ሥርዓት ግን ከድጋፍ በላይ ነው። በዝማሜ ጊዜ ሊቃውንቱ ጸናጽል ሳይዙ መቋሚያቸውን ወዲህና ወዲያ እያወዛወዙ ያዜማሉ፤ በመረግድና በጽፋት ከበሮና ጸናጽል ሲገቡ እንቅስቃሴው ይለወጣል፤ ዜማው እየፈጠነ ሲሄድ የመቋሚያው እንቅስቃሴም አብሮት ይፈጥናል። የቤተ ክርስቲያን መምህራን መቋሚያውን በመስቀል ምሳሌ፣ እንቅስቃሴውንም ጌታ በተያዘበት ሌሊት ከወዲህ ወዲያ መገፋቱን በማስታወስ ይተረጉሙታል። የጎንደር በዓታ የአቋቋም ማስመስከሪያ ቦታ ስትሆን፣ የላይ ቤት፣ የታች ቤትና የተክሌ አቋቋም ተብለው የሚለዩት ስልቶችም በመቋሚያ አያያዝና አወዛወዝ ጭምር ይለያያሉ። ለዚህ ሁሉ እውቀት በቂ የሙዚቃ ጥናት አለመሠራቱ የሚያስቆጭ ነው።

ትውፊቱ ይህን ሥርዓት ከ6ኛው ክፍለ ዘመኑ ቅዱስ ያሬድ ጋር ያያይዘዋል። በገድሉ እንደሚነገረው ያሬድ በአፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም ንጉሡ የተደገፈበት ጦር የያሬድን እግር ወጋው፤ ንጉሡም ያሬድም በተመስጦ ውስጥ ስለነበሩ ዜማው እስኪያልቅ አላወቁትም። ታሪክ አጥኚዎች እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይለያሉ። የዜማው ምንጭ ጥንታዊ መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ ዛሬ የሚታየው አቋቋም መቼ ቅርጽ ያዘ የሚለው ሌላ ነው። የዜማው ምልክት በጽሑፍ የተደራጀው በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል መሆኑ ይታወቃል፤ የመቋሚያው ሥርዓት ግን ከአፍ ወደ አፍ፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ስለተላለፈ የዘመኑን መነሻ በሰነድ ማሳየት አልተቻለም።

በአውሮፓ በድምፅ መምታት ለረጅም ጊዜ ነበረ፤ የታወቀው ምስክር የዣን ባቲስት ሉሊ ሞት ነው። የሉዊ 14ኛ አቀናባሪ በጥር 1687 ንጉሡ ከሕመም መዳኑን ለማክበር የምስጋና መዝሙር ሲመራ፣ መሬቱን የሚመታበት ረጅም ዘንግ የእግሩን ጣት መታው፤ ቁስሉ መርቅዞ በመጋቢት ሞተ። ይህ ሞት ዘንጉን እንዳስቀረ አድርገው የሚጽፉ አሉ፤ ስህተት ነው። በፓሪስ ኦፔራ በእንጨት እየመቱ መምራት ከሉሊ በኋላም ቀጥሏል፤ ድምፁ ሙዚቃውን ያውካል ብለው የሚያማርሩም አልጠፉም።

ቀጭኑ፣ ድምፅ የሌለው እንጨት የሰፈነው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ማን ጀመረው በሚለው ላይ ስምምነት የለም። ጀርመናዊው ቫዮሊን ተጫዋች ሉዊ ሽፖር በሕይወት ታሪኩ ውስጥ በ1820 ለንደን ላይ ከኪሱ አውጥቶ ታዳሚውን እንዳስገረመ ይናገራል፤ ይህ ትረካ ለመቶ ዓመት ያህል ሳይመረመር ተደገመ። ኋላ የዘመኑን ደብዳቤዎችና ጋዜጦች ያገላበጡ ተመራማሪዎች፣ እንጨቱን የተጠቀመው በልምምድ ላይ ብቻ ሊሆን እንደሚችልና ታዳሚው ያየው ነገር ላይኖር እንደሚችል አሳይተዋል። የተሻለው ግምት አንድ ፈጣሪ አልነበረም የሚለው ነው። ኦርኬስትራው ሲበዛ፣ ሙዚቃውም በየጊዜው የሚቀያየር ፍጥነት ሲያመጣ፣ ከሩቅ የሚታይ ነጭ እንጨት አስፈለገ። ከአቀናባሪዎቹ ቬበር የተጠቀለለ ወረቀት ይዞ ይመራ ነበር፤ ሜንደልሶን እንጨት ያዘ፤ በ1843 ላይፕሲግ ላይ ሜንደልሶንና ቤርሊዮዝ እንጨቶቻቸውን ተለዋወጡ።

የዛሬው ክርክር ጨርሶ ያስፈልጋል ወይ የሚለው ነው። የኦርኬስትራ መሪው ሌኦፖልድ ስቶኮቭስኪ እንጨቱን ትቶ በባዶ እጁ መርቷል፤ ፒየር ቡሌዝም እንዲሁ። የእንጨቱ ደጋፊዎች የእጅን እንቅስቃሴ ያጎላል፣ በኋላ ረድፍ ላሉት ነፊዎች ግልጽ ነጥብ ይሰጣል፣ ክንድንም ያሳርፋል ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ ጣቶች ከእንጨት ይበልጥ ብዙ ይናገራሉ ባይ ናቸው፤ የመዘምራን ቡድን መሪዎች ብዙዎቹ ከእነዚህ ናቸው። ለትልቅ ኦርኬስትራ የደጋፊዎቹ ምክንያት ያመዝናል፤ ለመዘምራን ግን አስገዳጅ አይደለም።

ዱላ ቅብብል

የጥንት አቴናውያን ችቦ እየተቀባበሉ ይሮጡ ነበር፤ የሚያሸንፈው እሳቱ ሳይጠፋበት የደረሰው ነው። የዛሬው ዱላ ቅብብል ከዚያ በቀጥታ አልወረደም። በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ በ1890ዎቹ ተጀምሮ በ1895 ዓመታዊ ከሆነው ውድድር ተስፋፋ፤ በመጀመሪያ ሯጮቹ እጅ ለእጅ ይነካኩ ነበር፤ ዱላው ርክክቡ በእርግጥ መፈጸሙን ለዳኛ ለማሳየት ኋላ ገባ። በኦሎምፒክ የወንዶች 4 በ100 እና 4 በ400 ሜትር በ1912 ስቶክሆልም ላይ ጀመሩ። የ4 በ100 ፍጻሜ ገና በመጀመሪያው ዓመት ጀርመንን በቅብብል ስህተት ከውጤት አስወጣ።

ዱላው ባዶ ለስላሳ ቱቦ ነው፤ ከ28 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ ከ50 ግራም የማያንስ ክብደት አለው። ደንቡ ላይ ብዙ ተመልካች የሚስተው ነጥብ አለ፤ በመቀባበያው ክልል ውስጥ መሆን ያለበት ዱላው እንጂ የሯጩ አካል አይደለም። የ4 በ100 ክልል 20 ሜትር ሆኖ ከፊቱ 10 ሜትር መንደርደሪያ ነበረው፤ ከ2018 ጀምሮ ሁለቱ ተዋህደው 30 ሜትር ሆነዋል። ዱላ ከወደቀ የሚያነሳው የጣለው ነው።

የአቀባበል ስልት ክርክሩ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ወይም ፊት ለፊት በመግፋት የሚል ነው። ከታች የሚሰጠው ዱላ ሩጫውን ብዙም አያውክም፤ ሆኖም ሯጮቹ ይበልጥ መቀራረብ ስላለባቸው የክንድ ርዝመት ይባክናል። ጃፓን ከታች በመስጠት የሪዮ 2016 የብር ሜዳሊያ በ37.60 ሰከንድ ወሰደች፤ ከአራቱ ሯጮቿ አንድም በዚያን ጊዜ 100 ሜትርን ከ10 ሰከንድ በታች የሮጠ አልነበረም። በተቃራኒው አሜሪካ በ2008 ቤይጂንግ በወንዶችም በሴቶችም 4 በ100 ማጣሪያ ዱላ ጥላ ወጣች። የጃፓን ውጤት የስልቱ ነው ወይስ የልምምዱ ብዛት? ሌሎች አገሮች በመግፋት ስልት በተመሳሳይ ልምምድ ጥሩ ውጤት ስላመጡ ልምምዱ ከስልቱ ይበልጥ የሚወስን ይመስላል።

ኢትዮጵያ በመም ዱላ ቅብብል ስመ ጥር አይደለችም። በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና በ2017 የገባውን የወንዶችና የሴቶች ድብልቅ ቅብብል ግን በ2019 ዴንማርክ ኦርሁስ ላይ አሸንፋለች።

ቆመጥ

ሮበርት ፒል በ1829 የለንደንን ፖሊስ ሲያቋቁም ፖሊሶቹ ሽጉጥ ሳይሆን የእንጨት ቆመጥ ያዙ። ብዙዎቹ ቆመጦች የንጉሡ ዘውድ የተሳለባቸው ነበሩ፤ ቆመጡ መከላከያ ብቻ ሳይሆን ፖሊስነትን የሚያረጋግጥ መታወቂያም ነበር። የሥልጣን በትርና የመምቻ ዱላ በአንድ ዕቃ ላይ እንዲህ በግልጽ ተጣምረው የታዩበት ሌላ ጊዜ ብዙ የለም። ሐሳቡ፣ ፖሊሱ መምታት የሚችል ቢሆንም የሚከበረው በምልክቱ ይሁን የሚል ነበር።

ሐሳቡ ወደ ቅኝ ግዛት ሲሄድ ምልክቱ ቀረ፤ ዱላው ብቻ ደረሰ። በሕንድ ላቲ የተባለው ረጅም የቀርከሃ ዱላ ሕዝብ መበተኛ ሆነ። የነፃነት ታጋዩ ላላ ላጅፓት ራይ በጥቅምት 1928 ላሆር ላይ በላቲ ተመታ፤ በኅዳር ሞተ። በግንቦት 1930 ዳራሳና በተባለው የጨው ማምረቻ እጃቸውን ሳያነሱ የሚጠጉ ሰልፈኞች ራሳቸውን በላቲ ተመቱ፤ ዜናው ዓለምን ዞሮ የእንግሊዝን አገዛዝ የሞራል መሠረት ናደ። ላቲ በሕንድ ፖሊስ እጅ እስከ ዛሬ አለ፤ ይህም ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የቅርጽ ለውጥ መጣ። ጎን እጀታ ያለው ቆመጥ፣ ቶንፋ ከተባለው የጃፓን ዱላ የተቀዳው፣ ለመከላከል ይመቻል ተብሎ በአሜሪካ ተሠራጨ፤ እንደ ቱቦ የሚዘረጋውም ለመያዝ ስለሚቀል ተከተለ። በመጋቢት 1991 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፖሊሶች ሮድኒ ኪንግን ከ50 ጊዜ በላይ የመቱት በዚያ ጎን እጀታ ባለው የብረት ቆመጥ ነው። ድርጊቱ በቪዲዮ ተቀርጾ ነበር። በ1992 የካሊፎርኒያ ዳኞች ፖሊሶቹን ነፃ ሲለቁ በከተማዋ በተነሳው ብጥብጥ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በ1993 የፌዴራል ፍርድ ቤት ሁለቱን ፈረደባቸው። ቅርጹን የነደፉት ሰዎች ያሰቡት መከላከልን ነበር። ይህ ጉዳይ ቅርጽ ብቻውን ምን ያህል ደካማ ዋስትና እንደሆነ አሳየ።

የዛሬው ክርክር በሦስት ወገን ነው። የመጀመሪያው ቆመጥ በድምፅና በጠመንጃ መካከል ያለ አስፈላጊ እርከን ነው ይላል፤ ከሌለ ፖሊሱ ወደ ሽጉጥ ይቸኩላል። ሁለተኛው በርበሬ የሚረጭና በኤሌክትሪክ የሚያደነዝዝ መሣሪያ ይተካው ይላል፤ በአሜሪካ የተደረጉ ጥናቶች እነዚህ ሲገቡ በፖሊስም በተጠርጣሪም ላይ የሚደርሰው ጉዳት በአጠቃላይ እንደሚቀንስ ያመለክታሉ፤ ነገር ግን ሕመም ያለበትን ሰው ሊገድሉና ያለአግባብ ሊዘወተሩ ይችላሉ። ሦስተኛው ለሰልፍ ጥበቃ ቆመጥ ጨርሶ አይገባም ይላል፤ በግርግር መካከል ማን ጥፋተኛ እንደሆነ ዱላ አይለይምና። ሦስቱም አንድ ነጥብ ይጋራሉ፤ «ገዳይ ያልሆነ» የሚለው ስም ያታልላል። የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች ዛሬ «ገዳይነቱ ዝቅ ያለ» የሚለውን የሚመርጡት ለዚህ ነው።

በ1990 ሃቫና ላይ የጸደቁት የተባበሩት መንግሥታት የኃይል አጠቃቀም መርሆዎች አገሮች እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን እንዲያዳብሩ ሲያበረታቱ፣ በጥንቃቄ እንዲመዘኑም ያዛሉ። በ2020 የወጣው የድርጅቱ መመሪያ ደግሞ ዝርዝር ውስጥ ይገባል። ኃይል በማይጠቀምና በማያስፈራራ ሰው ላይ ቆመጥ ማሳረፍ አይገባም፤ ራስ፣ አንገትና ጉሮሮ፣ አከርካሪ፣ ኩላሊትና ሆድ መመታት የለባቸውም፤ ሹል ያለበት ቆመጥ ጨርሶ ተወግዟል። ሊመታ የሚፈቀደው እንደ ክንድና እግር ያለ ቦታ ነው።

የሕክምና ማስረጃውም ከዚህ ጋር ይስማማል። ራስ ቅል ላይ ያረፈ ቆመጥ የአንጎል ደም መፍሰስ ያመጣል፤ ኩላሊት ወይም ጣፊያ ላይ ያረፈውም ከውጭ ሳይታይ ሊገድል ይችላል። ያልተፈታው ጥያቄ የሥልጠናው ነው፤ በተረጋጋ ክፍል ክንድና እግር ለይቶ መምታት የተማረ ፖሊስ፣ ሕዝብ ሲገፋውና ሲፈራ ያንኑ ያደርጋል ወይ? ይህን ለመመለስ የሚያስፈልገው በየአገሩ እያንዳንዱ የቆመጥ አጠቃቀም ተመዝግቦ ለገለልተኛ መርማሪ መቅረቡ ነው። ቆመጥ የሚያስታጥቅ የፖሊስ ተቋም ሁሉ መቼ፣ በማን ላይ፣ በየትኛው የአካል ክፍል እንዳረፈ በጽሑፍ ይመዝግብ፤ መዝገቡም ለሕዝብ ክፍት ይሁን።